ባጃጅ ውስጥ የተነበበው ካርድ

በድሪያ ካርዷን የምትደብቀው እንደ ወርቅ ነው። ባንክ ለኦንላይን ግዢ የሰጣትን ያን ካርድ በመሐረብ ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ትወሽቀዋለች፤ ባሏ እንኳ መልኩን አያውቀውም። ቀፊራ ገበያ ልብስ ስትሸጥ ስትውል ጎረቤቶቿን ሁሉ፣ «ቁጥሩን ለማንም እንዳታሳዩ! የዘንድሮ ሌባ ኪስ አይገባም፣ በስልክ ነው የሚመጣው» እያለች ትመክራለች።

አንድ ቀን ከከዚራ ወደ ሰፈሯ መጋላ በባጃጅ ስትመለስ ታናሽ እህቷ ሳቢሪን ደወለች። ሠርጓ ስለደረሰ ሰሞኑን ዓይኗን ከስልኳ ላይ ነቅላ አታውቅም።

«በድሪያ! ያ ያሳየሁሽ የሠርግ ጫማ በግማሽ ዋጋ ወጥቷል! ሳያልቅ የካርድሽን ቁጥር ቶሎ ንገሪኝ!»

ያ ሁሉ ምክር የት እንደገባ አላህ ይወቅ። በድሪያ መሐረቡን ፈታችና «አራት፣ ሰባት፣ ሁለት…» ብላ ጀመረች። የሞተሩ ጩኸት እንዳይበልጣት ድምፅዋንም ከፍ አደረገች። ሾፌሩ ሲያድ በመስታወቱ አየት አደረጋትና ሙዚቃውን እስከ ጥግ ለቀቀው።

«ኧረ አቦ ቀንሰው! አልሰማ አለችኝ እኮ!»

«ላንቺው ብዬ ነው! ደቻቱ ድልድይ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰማሽ።»

አጠገቧ የተቀመጡት የሰፈሯ ሰው እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «አንቺ ልጅ፣ የልጆቼን ስም የማምታታው እኔ እንኳ ግማሹን በቃሌ ይዤልሻለሁ» አሏት።

ባጃጁ በሳቅ ሞላ። በድሪያ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እስክመጣ ምንም እንዳትነኪ!» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ቤት እንደደረሰች የእህቷን ስልክ ነጠቀቻት። ጫማው ወላሂ ያምራል። የገጹን አድራሻ ፊደል በፊደል ስታነበው ግን የሱቁ ስም ውስጥ አንዲት ፊደል ትርፍ ናት። ዝቅ ስትል ደግሞ ገጹ የካርዱን ቁጥርና ከጀርባው ያሉትን ሦስት አሃዞች ብቻ ሳይሆን፣ ገንዘብ ማውጫው ማሽን ላይ የሚመታውን የሚስጥር ቁጥር ጭምር ይጠይቃል።

«ሳቢሪን፣ ይሄ ሰው ጫማ ሊሸጥልሽ ነው ወይስ ሊያገባሽ? የሚስጥር ቁጥር ምን ያደርግለታል?»

«እኔ የሞላሁት ስሜንና ስልኬን ብቻ ነው» አለች ሳቢሪን፣ እንባዋ ቀርቦ።

ወዲያው የሳቢሪን ስልክ ጠራ፤ ተቀብላ አነሳችው። ማር የመሰለ የወንድ ድምፅ ነው። «እህቴ፣ ክፍያሽ ተቋርጧል። የካርድሽን ቁጥርና በመልእክት የሚመጣልሽን ኮድ አንብቢልኝ፣ እኔ እጨርስልሻለሁ።»

በድሪያ ስልኩን መልሳ ነጠቀቻት። «እሺ ወንድሜ። መጀመሪያ ያንተን ካርድ ቁጥር ንገረኝ፣ እንተዋወቅ።»

«የ… የኔን?» አለ ሰውዬው።

«እሺ እሱ ይቅር፤ የእናትህን ስልክ ስጠኝ።»

ዘጋው። ሳቢሪን እንባዋን ረስታ በሳቅ ተንፈራፈረች።

በማግስቱ በድሪያ ባንክ ሄዳ ባጃጅ ሙሉ ሰው ቁጥሩን የሰማውን ካርድ አስዘጋችና አዲስ አወጣች። ለጫማው የሚበቃውን ብር ብቻ ሞላችበትና አድራሻውን ሁለቴ አንብባ ከእውነተኛው ሱቅ በሙሉ ዋጋ ገዛች። ጫማው ለሠርጉ ደረሰ፤ ትንሽ ይጠብባል እንጂ። ሳቢሪን ግን ትንፍሽ ሳትል ስትጨፍርበት አመሸች።