ሳያልቅ የሄደው መልእክት

የመዝገብ ቤት ጸሐፊዋ ሃያ ሁለት ዓመት ስትተይብ ከመኖሯ የተነሳ እጇ ከዓይኗ ቀድሞ ፊደሉን ያገኘዋል። ከታናሽ እህቷ ጋር ግን እናታቸው ከሞቱ ወዲህ፣ ይኸው ስምንት ዓመት፣ ዓይንና ናጫ ሆነዋል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ በስልኳ መልእክት ገባ። «እታለም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ ልቤን ሊከፍቱት ነው። ፈርቻለሁ። ይቅር በይኝ።»

መደወል ፈራች፤ ድምፅዋን ብሰማ አልችልም አለች። የስልኩ ፊደል ደግሞ ለዓይኗም ለጣቷም አልመች ስላላት፣ የቢሮው ኮምፒውተር ጠጋኝ መልእክቱን በእሷ ኮምፒውተር ላይ ከፈተላት።

«እንደለመዱት ይጻፉ፣ እትዬ» ብሏት ወጣ።

እንደለመደችው ጻፈች። መጀመሪያ ቂሟን አውጥታ ልትገላገለው ፈለገች። «እናታችን ስምሽን እየጠራች ስትሞት አልመጣሽም። ስምንት ዓመት ሙሉ እህት የለኝም ስል ኖሬያለሁ።» ቀጥላ «አሁን ግን» ልትል፣ መስመር ለማውረድ ኤንተርን ተጫነች። ደብዳቤ ስትጽፍ ኤንተር ከዚህ ሌላ ሥራ ኖሮት አያውቅም። ጽሑፉ ከፊቷ ብድግ ብሎ ሄደ። ወዲያው ከሥሩ «ተነብቧል» የሚል ቃል ወጣ።

«ኧረ ጉዴ! ሳልጨርስ ሄደብኝ! መልስልኝ!»

ጠጋኙ እየሮጠ መጣ። ስክሪኑን አይቶ ክው አለ።

«እትዬ፣ እዚህ እኮ ኤንተር መላኪያ ነው። መስመር ለማውረድ ሺፍትን አብረው መጫን ነበረብዎት። ሳልነግርዎት!... አሁንማ አንብበውታል።»

ቶሎ ብላ ጻፈች፦ «አሁን ግን ይቅር ብዬሻለሁ። እኔንም ይቅር በይኝ።» ላከችው። ከሥሩ «ተነብቧል» የሚለው አልወጣም። ደወለች። ስልኩ ተዘግቷል።

ከሰዓት በኋላ የእህቷ ባል ደወለላት።

«አልነቃችም፣ እትዬ» አለ። «ሲያስገቧት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ምን ብለዋት ነው?»

«ገና መጀመሬ ነበር» አለች። «ገና... መጀመሬ ነበር።»

በቀብሩ ዕለት ከሰዉ ኋላ ቆመች። የእህቷ ባል የመጀመሪያውን መልእክት አንብቦት ኖሮ፣ እጇን ስትዘረጋለት አልፏት ሄደ። ሁለተኛውንም አንብበው ብላ ልትለምነው ዳር ዳር አለች። ከዚያ፣ እህቴ ያላነበበችውን እሱ ቢያነበው ምን ይረባኛል ብላ ተወችው።