የኸድሩ የዓረፋ አውሮፕላን

ባለመኪናው ኸድሩ ዲላ ከብሮ ዲላ ወልዶ፣ ለዓረፋ ግን ጉራጌ አገሩ ካልገባ ዓመቱ የዞረ አይመስለውም። በ1956 ዓ.ም.፣ የገዛ ራሱ መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮበት የበዓሉ ሥጋ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ደረሰ፤ እናቱም ፊት ነሱት። ያን ጊዜ ማለ፤ "ለከርሞ በሰማይም ቢሆን በጊዜው እደርሳለሁ!"

ሌላ ሰው እንዲህ ብሎ ይረሳል። ኸድሩ ግን ከአንዷ በቀር መኪኖቹን ሸጦ፣ አሮጌ አውሮፕላን ከነፈረንጅ አብራሪው ተከራየና "የበዓል አየር መንገድ" የሚል ሰሌዳ ሱቁ ላይ ሰቀለ። ዲላ አጠገብ፣ ከጪጩ መንደር ወዲህ ያለው የከብት ሜዳ ማረፊያ ሆነ። ለገና የቡሌ ወንጌላውያን መዘምራንን አዲስ አበባ አድርሶ መለሰ። መዘምራን ከመዝሙር በቀር ሸክም ስለሌላቸው አውሮፕላኑ ብድግ አለ። ከዚያ ወዲያ ኸድሩን ማን ይቻለው! አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ሲያይ "አላህ ያድርሳችሁ" እያለ ያልፍ ጀመር።

ዓረፋ ደረሰ። ለማያውቅ ልንገር፤ የኸድሩ አገር ነጋዴ ለበዓል ባዶ እጁን ከሚገባ ባይገባ ይመርጣል። ሜዳው ላይ ስኳር በኩንታል፣ ድስት፣ ብርድ ልብስ፣ የቡና ጆንያ ተከመረ። አብራሪው የቡና ሚዛን አስመጥቶ ጓዙን መመዘን ሲጀምር፣ የኸድሩ ሚስት ረህማ ለአማቷና ለዘመድ የገዛችውን ቀሚስ ሁሉ ደራርባ ለብሳ መጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። አብራሪው ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ሰዉንም ሚዛን ላይ አወጣው።

"እንግዲያው ዕቃው በመኪና ይቅደም" አለ ኸድሩ። ለእናቱ የገዛው የቦረና ሰንጋ ሳይቀር ተጫነ።

"አንተ ሰውዬ፣ መንገዱ ያው የአምናው መንገድ አይደለም እንዴ?" አለች ረህማ።

"አታሟርቺ!"

በበዓሉ ዋዜማ አውሮፕላኑ አገር ቤት ሜዳ ላይ አረፈ። መንደሩ እልል አለ። ወዲያው የሁሉም ዓይን ከእንግዶቹ ፊት ወደ እጃቸው ወረደ። የኸድሩ እናት ልጃቸውን ስመው ከኋላው ቃኙ።

"ሰንጋውስ?"

"በመኪና እየመጣ ነው፣ እናቴ።"

"ታዲያ አንተን ምን አስቸኮለህ?"

መኪናዋ ከሻሸመኔ ወዲያ ጭቃ ውጧት ቆማለች። ተሳፋሪው ባዶ እጁን ዘመድ ፊት ቆሞ በኀፍረት ተቃጠለ። "ሁለተኛ እዚህ ነገር ላይ ብወጣ!" ብሎ ያልማለ የለም። አብራሪውም የሚመልሰው ሰው እንደሌለ ሲገባው ያንኑ ዕለት ባዶ አውሮፕላኑን አስነስቶ ሄደ። አየር መንገዱም በዚያው ቀረ።

የዓረፋ ዕለት በየደጁ ሲታረድ፣ ኸድሩ የሳለውን ቢላ ይዞ መንገድ መንገዱን ሲያይ ዋለ። ወደ ማታ ከጎረቤት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ ተላከላቸው፤ ማረድ ላልቻለ ድሀ የሚወጣው ድርሻ ነው። ባለአውሮፕላኑ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ። እናቱ ሥጋውን ጠብሰው በእጃቸው ወደ አፉ አቀረቡለት።

"ብላ እንጂ፣ ልጄ" አሉት። "ዘንድሮስ በጊዜው ደርሰሃል።"