ዶልፊንና ወፍ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ

ባህሩ የሳይንስ ክፍል ተጠሪያችን ነው፤ ፊዚክስ ያስተምራል ይባላል። አምና እኔ የሰውን ልብ በማዳበሪያ ጆንያ ላይ ስዬ ስጨርስ፣ «ሀናንዬ፣ ለማስተማሪያ መርጃ ውድድሩ እኔ ላቅርብልሽ» ብሎ ወሰደና ከታች የራሱን ስም ጽፎ ተሸለመበት። ሽልማቱ ደሴ ሄዶ መሠልጠን ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ወደቋመጥኩለት ሥልጠና እሱ ሄደ። ሲመለስ ደግሞ አያፍርም፣ «አይዞሽ፣ የክፍላችን ድል ነው» ይለኛል። ወላሂ፣ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ዘንድሮ ቆርጬ ተነሳሁ። መካነ ሰላም ላይ ባሕር ያየ ተማሪ የለኝም፤ ወፍ ግን በየደጃቸው አለች። ስለዚህ ዶልፊንን በወፍ ላስረዳቸው ብዬ ሁለቱን ጆንያ ላይ ጎን ለጎን ሳልኳቸውና ከሥራቸው ጻፍኩበት። ትንሿ ዶልፊን አንድ ደህና ሙክት ትመዝናለች፤ ዘማሪዋ ወፍ እፍኝ ጤፍ አታህልም። ግን የሁለቱም ደም ሞቃት ነው፣ ሁለቱም በሳንባ ይተነፍሳሉ፣ ልጆቻቸውም ድምፅ አወጣጡን ከትልልቆቹ ሰምተው ይማራሉ። ወፏ እንቁላል ትጥላለች፤ ዶልፊኗ ወልዳ ታጠባለች።

ይህንን ቤቴ ደበቅኩት። በሌላ ጆንያ ላይ ያንኑ ሥዕል ደገምኩና አንዷን መስመር ለወጥኳት፦ «ዶልፊን እንደ ዓሣ ከውሃ ሳትወጣ ትተነፍሳለች።» ስም ሳልጽፍበት የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ትቼው ወጣሁ። በማግሥቱ የለም። እሰይ!

የውድድሩ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሏል። ባህሩ ከረባት አስሮ፣ ጆንያዬን ሰቅሎ፣ መስመር በመስመር እየጠቆመ አነበበ። ዋናው ዳኛ ጋሽ ይሄነው ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። እጃቸውን አነሱ።

«እስቲ ይቺን ይድገሙልኝ። ከውሃ ሳትወጣ ነው ያሉት?»

«አዎን ጋሼ። ዓሣ አይደለች እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ባህሩ ላብ በላብ ሆነ፤ ዞር ዞር ብሎ ፈለገኝና ጣቱን ቀሰረብኝ።

«የሀናን ሥራ ነው! እኔ ስሜን ብቻ ነው የጻፍኩበት!»

ይሄኔ ብድግ አልኩ። «ልክ ነው፣ የኔ ነው። ያምናውስ የማን ነበር? ንገራቸው እንጂ!»

ጋሽ ይሄነው ወደ ባህሩ ዞሩ። «እሱም የሷ ነው» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። ልቤ ቅቤ ጠጣ! ከቤት ይዤው የመጣሁትን ትክክለኛውን ጆንያ አውጥቼ በጋሽ ይሄነው ፊት ዘረጋሁት።

ሁለቱን አስተያዩና መነጽራቸውን አወለቁ። «የኔ ልጅ፣ እውነቱን እያወቅሽ ነው ይህን የጻፍሽው? ተማሪ በሚያነበው ነገር ላይ?»

«አዎ» አልኩ። ምን ልበል?

«እንግዲያው ዘንድሮ ከዚህ ክፍል ደሴ የሚሄድ የለም።»

ጆንያዬን ጠቀለልኩ። ዞር ስል ባህሩ ከረባቱን ፈትቶ በእጁ ጨብጦ ቆሟል፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ነው የሚመስለው። እንባዬ እየወረደ ሳቄ መጣ። እኔ ቀረሁ። ግን እሱም ቀረ፤ ይበለው!