የተሸካሚው አንድ ዓይን

ዕፀ ሕይወት መኪናዋን ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፓርክ አድርጋ ሞተሩን ገና ሳታጠፋ፣ እትዬ ዓለምጌጥ መስኮቱን አንኳኩ። ቅዳሴ አልቆ ሰው እየወጣ ነው። እሷ የመጣችው ተሳልማ ቶሎ ለመመለስ ነበር፤ ትናንት ሙሉ ቀን ቆማ ስለዋለች እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደለሽ?» አሉ መስኮቱ በግማሽ ሳይወርድ።

«ማን ነው የበደለኝ፣ እትዬ?»

«ተሸካሚው ነዋ! ለምን አንድ ዓይን አደረግሽው? ስልኬን ከፍቼ ሳየው ክው ነው ያልኩት። ያ የመሰለ ሰው ክፉ ይሆናል ብዬ አስቤም አላውቅ።»

ዕፀ ሕይወት ስልኳን አውጥታ፣ በሥዕል የምትተርከውን ኮሚክ የመጨረሻ ገጽ ከፈተች። እውነታቸውን ነው። ተሸካሚው መንገድ ዳር ተቀምጧል፤ ፊቱን ወደ ጎን አዙሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። የሣለችው እሷው ናት። ስትሥለው ግን አላስተዋለችም።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ ፀጉር ስንጠቃ ይመስላል። የዕፀ ሕይወት አባት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ብሩሽ መያዝ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። በዚያ ሙያ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ሰይጣንና ከሃዲ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሕጉን ቁጭ ብሎ የተማረው ጥቂት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ያደገ ሁሉ ግን ግድግዳውን እያየ ለምዶታል። እሷም ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ኮሚኳን በዚሁ ሕግ ሣለች። አንባቢዎቿም ሳይነገራቸው ገባቸው። አዲስ ሰው ታሪኩ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚቆጥሩት ዓይኑን ነው።

«ተሸካሚው» በቴሌግራም መውጣት ከጀመረ አምስት ዓመት አልፎታል። ታሪኩ አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ አንድ ቀን የዕቃ መደርደሪያ የተደረመሰበት ሰው ታሪክ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የማይችለው ሸክም የለም። አይበርም፤ ከዓይኑ እሳት አይተፋም፤ ጋቢውን አደግድጎ ይሸከማል። የወደቀ ድልድይ፣ የተገለበጠ አውቶቡስ፣ ጎርፍ የነቀለው ቤት፣ ሁሉን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ጠላቱ ልጓም የሚባል ባለሕንፃ ነው። ልጓም አንድም ቀን በሁለት ዓይን ታይቶ አያውቅም።

ታሪኩን የሚፈጥሩት ጋሼ ዘርትሁን ናቸው። አገር ቤት የአማርኛ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህ ከኤርፖርቱ ወደ መኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳሉ። ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ስልካቸውን አፋቸው ላይ ደቅነው፣ «ገጽ አንድ! ዝናብ ይዘንባል!» እያሉ ይተርካሉ። ድምፃቸውን ለዕፀ ሕይወት ይልኩላታል። እሷ ደግሞ ቤድፎርድ ከምትሠራበት የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ሜስኪት እስካለው ቤቷ እየነዳች እየሰማች በሐሳቧ ትሥለዋለች። ስምምነታቸው አንድ ነው፤ እሷ ቃል አትነካም፣ እሳቸው መስመር አይነኩም። በዚህ ሕግ ያለ ጭቅጭቅ ኖረዋል፤ ስንቱ ባልና ሚስት ይህ አልሆንለት ብሎታል።

ችግሩ ሌላ ነው። ዕፀ ሕይወት ማቆም ከፈለገች ዓመት ሆኗታል። ጋሼ ዘርትሁን በየምዕራፉ መጨረሻ «እጅሽ ይባረክ፣ እኔን ሰው ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ» ሲሏት ግን ምላሷ ይተሳሰራል። አውቶቡስ የሚነዱት ለቤት ኪራይ ነው፤ የሚኖሩት ለዚህ ታሪክ ነው። ይህን ስለምታውቅ ዝም ብላ ሣለች። ሰሞኑን አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ስለለቀቀች እሷ ድርብ ሺፍት ስትገባ፣ ያንን ገጽ የሣለችው በምሳ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ፣ ታብሌቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጋሼ ዘርትሁን አፓርታማው ደረጃ ላይ ቆመው ጠበቋት። የሥራ ሰደርያቸውን እንኳ አላወለቁም።

«ሳታማክሪኝ ሰውዬውን ሸጥሽው?»

«ስህተት ነው፣ ጋሼ።»

«የሠዓሊ ልጅ በዓይን ይሳሳታል? ቻናሉን አይተሽዋል? ሕዝቡ ተንጫጫ! ግማሹ ‹ድሮም ጠርጥሬው ነበር› ይላል። ምኑን ነው የጠረጠረው? የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ያልጠረጠርኩትን!»

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። በሩን ከፍታ አስገባቻቸው። ወንበር ብትስብላቸውም አልቀመጥ አሉ።

«በይ አሁን ዓይኑን ጨምሪበትና መልሰሽ ፖስት አድርጊው። ላንቺ ምን አላት?»

ታብሌቱን ከፈተች። ፊቱን ወደ ፊት አዞረችው፣ ሁለተኛውን ዓይን ሣለች። አየችው። እንደ ፓስፖርት ፎቶ ፈጦ ቀርቷል። አጠፋችና እንደገና ሣለችው፤ አሁንም ያው ነው። ዓይኑ ሁለት ሆነ እንጂ የሚያየው ነገር የለም። የታብሌቱን እርሳስ አስቀመጠች።

«አልሆነልኝም።»

«ለምን አይሆንልሽም?»

«ደክሞኛል፣ ጋሼ።» ድምጿ እንደዚያ የሚወጣ አልመሰላትም ነበር። «ማለቴ... የዛሬውን ብቻ አይደለም። ከሺፍት ወጥቼ መሣል፣ ሥዬ ሺፍት መግባት። ታማሚ መርፌ ስሰካለት ‹ደህና ነሽ ወይ› ብሎ የሚጠይቀኝ እሱ ሆኗል። ተሸካሚውን ክፉ አላደረግኩትም። ዞር ያለው ፊቱን እንዳናየው ነው።»

የጋሼ ዘርትሁን ዓይን በራ። ዕፀ ሕይወት፣ በቃ ገባቸው፣ አለች በልቧ። አልገባቸውም።

«ቆይ፣ ቆይ! ‹ደክሞኛል›! ‹ዞር ያለው ፊቱን እንዳናየው ነው›! ግሩም እኮ ነው! ቀጣዩን ከዚህ እንጀምራለን!» ስልካቸውን አፋቸው ላይ ደቀኑ። «ገጽ አንድ! ተሸካሚው አንገቱን እንደደፋ፣ ‹ደክሞኛል› ይላል...»

መሳቅም ማልቀስም አማራት። የሆዷን ብትነግራቸው ለገጸ ባሕርያቸው አጎረሱት።

«ከዚያስ?» አለች። «ደክሞኛል ካለ በኋላ ምን ይሆናል?»

«ይነሳል እንጂ! ተሸካሚ አይደል?»

«አይነሳም።»

በአምስት ዓመት ውስጥ ታሪካቸውን ስትነካ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ስልኩን ቀስ ብለው አወረዱ።

«እንዴት አይነሳም? ድልድዩንስ ማን ሊሸከመው ነው?»

«እኔ አላውቅም። አይነሳም።»

«ሕዝቡ እሺ አይልሽም። አላመንሽኝም? ኦኬ፣ እኔ ልጠይቅልሽ።» እዚያው ቆመው ቻናሉ ላይ ጻፉ፦ ተሸካሚው ደክሞኛል ይላል። ይነሳ ወይስ ይቀመጥ?

እሑድ ነውና ሰው ስልኩ ላይ ነው። መልሱ ወዲያው ይጎርፍ ጀመር። ጋሼ ዘርትሁን መነጽራቸውን አጥልቀው፣ እንደ ፈተና ውጤት እያነበቡ በደስታ ይረቷት ያዙ።

«‹ይነሳ! ልጓም ደስ ሊለው ነው?› ይላል። አየሽ? ‹ይነሳ›። ‹ይነሳ እንጂ ምን ሆኖ!› ‹አንድ ኢነርጂ ድሪንክ ይጠጣና ይነሳ›፤ ይኼ ያ ቀልደኛ መኳንንት ነው። ‹ይነሳ›። ሮማነወርቅ ነኝ ከማኪኒ፣ ትላለች ደግሞ፤ ‹እኔ ከመጀመሪያው ጀምሬ አንብቤዋለሁ። ሁለት ሥራ ነው የምሠራው፤ በእረፍቴ ነው የማነበው። ሁላችሁም ይነሳ ትላላችሁ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሲሸከም አይዞህ የሚለው አንድ ሰው እንኳ...›»

ጮክ ብለው መጨረስ አቃታቸው። መልሰው በዓይናቸው ብቻ አነበቡት። ከዚያ ታብሌቱ ላይ ያለውን ተሸካሚ አዩ፤ ቀጥሎ እሷን አዩ፤ ዓይኗ ሥር የጠቆረውን፣ ከጫማ የወጣውን ያበጠ እግሯን። ቶሎ በዪ ብለዋት ያውቃሉ። ቀለሙን አድምቂው፣ ዝናቡን ጨምሪው፣ እጅሽ ይባረክ ብለዋታል። ይህችን አንዲት ቃል ግን አላሏትም።

«አይዞሽ፣ ልጄ» አሉ።

ዕፀ ሕይወት እስከዚያ ድረስ ችላው ነበር። አሁን አልቻለችም። ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ተንሰቀሰቀች፤ ንፍጧ ወረደ፣ ግድ አልሰጣትም። ጋሼ ዘርትሁን እጃቸውን የሚያሳርፉበት ጠፍቷቸው ቆመው ቆዩና፣ ያንን እምቢ ያሉትን ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም?»

«እርስዎ ከዚህ ሌላ ምን አለዎት ብዬ ነዋ።»

እውነቷን ነው። ከዚህ ሌላ ምንም የላቸውም። ይህን እሷ ታውቃለች ብለው ግን አስበው አያውቁም። አፈሩ። ስልካቸውን አንስተው፣ ለአንባቢው ሁሉ በትልቁ ጣታቸው ቀስ እያሉ ጻፉ፦ ተሸካሚው አይነሳም። እስከዛሬ ስላነበባችሁ እግዜር ይስጥልን። ከመላካቸው በፊት ረጅም ጊዜ አዩት። ላኩት።

«ሌላ ሠዓሊ ይፈልጉ፣ ጋሼ። አልቀየምም።»

«ተዪ እባክሽ።» ተነሱና ሰደርያቸውን ቆለፉ። የከሰዓቱ ሥራ እየጠበቃቸው ነው። «አሁን ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልተኛ።»

«ተኚ» አሉ። «እኔ እንኳ ምን እንደማደርግ እንጃ።»

በሩን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቀስ አድርገው ዘጉላት።