አፉን ከፍቶ የማያድር ጉድጓድ

ዛሬም ጉድጓዱ ተደፍኖ ጠበቃቸው።

ፍሬሕይወት ከባጃጁ ወርዳ አፈሩን ስታይ ደሟ ፈላ። ትናንት ተማሪዎቿ በዚያ በይፋት ቆላ ሙቀት በግንበኛ ማንኪያ እየጫሩ ያወጡት አፈር በሙሉ ተመልሶ ገብቷል፤ ላዩም በእግር ተረግጦ ተደላድሏል። ሰኞም እንዲሁ ነበር፣ ማክሰኞም እንዲሁ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይሄው ነው።

እሷ የአርኪዮሎጂ መምህርት ናት፤ ልጆቹ ደግሞ ተመራቂ ተማሪዎቿ። ቅዳሜ ፈታኞች ይመጣሉ። እስከዚያ ከእርሻው ሥር ካለው የጥንት ቤት መሠረት ካልደረሱ የተግባር ትምህርቱ ውጤት አይያዝላቸውም፤ ዘንድሮም አይመረቁም። ይህን ስንት ጊዜ ነገረቻቸው! ሚኪያስ ግን ግራር ሥር ያንቀላፋል፤ ቤዛዊት ጉድጓድ ውስጥ ቆማ ራሷን ፎቶ ታነሳለች። ሰው የሚባለው ሙሉቀን ብቻ ነው። የዚሁ የቀወት ወረዳ ገበሬ ልጅ ነው፤ ከሁሉም በላይ ይቆፍራል፣ ሌሎቹ ወደ ማደሪያቸው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲመለሱም ዕቃ ለማጠብ ወደኋላ ይቀራል። «ሙሉቀንን እዩ» ማለት የዘወትር ጸሎቷ ሆኗል።

የባለመሬቱን ሚስት እትዬ እቴነሽን ጠየቀቻቸው።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «ግን የተቆፈረ ነገር አፉን ከፍቶ ማደሩ ደግ አይደለም።»

ባላቸው ጋሼ ንጉሤ ከጥምቀት ወዲህ ታመው ተኝተዋል፤ ነፋስ እንዲያገኛቸው አልጋቸው ከጉድጓዱ ፊት ለፊት ባለው ቤታቸው በር ላይ ተዘርግቷል። ፍሬሕይወት የደፈኑት ሴትዮዋ ናቸው ብላ ደመደመች፤ የሰው ቤት ነውና ከንፈሯን ነክሳ ተወችው።

ልጆቹ እያጉረመረሙ እንደ አዲስ ቆፈሩ። ረፋዱ ላይ ባለፉት ቀናት ያልነበረ ላስቲክ ከሥር ወጣ። በደንብ ተነጥፏል፤ ጠርዙ በድንጋይ ተይዟል። ፍሬሕይወት ጎንበስ ብላ ጠርዙን ነካች። ጉድጓድ ሲዘጋ የተደረሰበት ቦታ እንዳይጠፋ ከሥር ላስቲክ ይነጠፋል ብላ ያስተማረች እሷ ናት። እትዬ እቴነሽ ደግሞ እዚያ ክፍል አልተቀመጡም።

ማታ ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር ባጃጅ ተሳፈረች፤ መንደሩ ጫፍ ላይ ወርዳ ተመለሰች። ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሙሉቀን ሸሚዙን አውልቆ አፈሩን በአካፋ ይመልሳል።

«ቆፋሪም አንተ፣ ደፋኝም አንተ?»

ልጁ ደነገጠ፤ አካፋውን ግን አልለቀቀም።

«ቲቸር፣ ቁመቱን ይዩት፤ ልክ መቃብር ነው። በእኛ አገር መቃብር ተቆፍሮ ባዶውን አያድርም። ካደረ ሰው ይጠራል ይባላል። እሳቸው ደግሞ እዚያ ተኝተዋል» አለ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ።

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«ኋላ ቀር ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

እውነቱን ነው፤ ትለው ነበር። ይህን ማወቋ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። «ያንተ ፍርሃት ጓደኞችህን ሁሉ ሊጥል ነው!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷ ቤቱ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ እትዬ እቴነሽ ብቅ አሉ።

«ይጠሯችኋል» አሉ።

ጋሼ ንጉሤ በክርናቸው ተደግፈው ቀና ብለዋል። አጥንታቸው ወጥቷል፤ ዓይናቸው ግን ሙሉቀን ላይ ተተክሏል።

«አንተ ነህ የምትደፍንብኝ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነው፣ ጋሼ። ክፍት ካደረ...»

«ይጠራል፤ አይደል? ሞት እኔን ለመጥራት ጉድጓድ አያሻውም፤ ስሜን ያውቀዋል።» ዓይናቸውን ወደ ጉድጓዱ መለሱ። «ከዚህ አልጋ ሆኜ የማየው ያንን ጉድጓድ ብቻ ነው። ዛሬስ ምን ያወጡ ይሆን እያልኩ እውላለሁ፤ አመሻሽ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ሲነጋ ደግሞ ተደፍኖ አየዋለሁ። ይህን መሬት አባቴም አያቴም አርሰውታል። ከሥሩ የማን ቤት እንዳለ ሳያውቁ ሄዱ። እኔም ሳላይ ልሂድ?»

ፍሬሕይወት ለሙሉቀን ያዘጋጀችውን ቁጣ ተወችው። ሳምንቱን ሙሉ ስለ ቅዳሜና ስለ ፈታኞቹ ስትነዘንዝ፣ እዚህ ደጃፍ ላይ ሌላ ቀጠሮ ያለው ሰው እንደሚጠብቃት አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። አፈረች።

ሙሉቀን ወጥቶ የመለሰውን አፈር ማውጣት ጀመረ። እሷም ሌላ አካፋ አንስታ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመች። እትዬ እቴነሽ የባላቸውን ትራስ ከፍ አደረጉላቸው።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ንጉሤ ከአልጋቸው፣ ብስጭት ባለው ድምፅ፣ «ትንሽ ወደዚያ በይልኝ፤ ጋረድሽኝ።»