ድንቡሼን ፍለጋ

ሐኪሙ የዓይናቸው ነገር ያበቃለት መሆኑን በነገራቸው ማግስት እማማ ልጃቸውን ጠሩና «ደሴቱን ሳላየው እንዳልታወር» አሉ። ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን አቁማ ቀና አለች። እናቷ ያንን ደሴት አንስተውት አያውቁም፤ ወሬው ቢመጣ እንኳ «ያ ቦታ» ብለው ነው የሚያልፉት።

«ሄደሽ ምን ልታደርጊ፣ እማ?»

«ድንቡሼን ይዤው ልምጣ።»

ድንቡሼ የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም ነው። የቤት ስሙ ነበር፤ ጉንጩ ሙሉ ስለነበር ነው እንዲያ ያሉት። ሁለት ዓመት በቅጡ ሳይሞላው ትኩሳት ያዘው። ባሕሩ ተቆጥቶ መድኃኒት የሚያመጣው ጀልባ ቀረ፤ ጀልባው ሲመጣ ልጁ አልነበረም። አባቱ ከቤቱ ጀርባ በገዛ እጁ ቆፍሮ ቀበረው። ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በኋላ ተወለደች፤ ገና ጡት ሳትጥል ደግሞ መንግሥት ለዚህ ለእፍኝ ሕዝብ ውሃና እህል በመርከብ ማመላለስ አልቻልኩም ብሎ የደሴቶቹን ሰው ጠራርጎ ወደ ዋናው ምድር አሻገረ። «የሙታናችሁን አጽም በኋላ እናመጣላችኋለን» ተባሉ። አባትየው ያንን ቃል ይዞ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተ፤ ዛሬ ነገ ሲሉት እሱም ሞተ። እማማ ሁለቱንም ሐዘን በሆዳቸው ይዘው ኖሩ።

አሁን ደሴቶቹ ለጎብኚ ተከፍተዋል። አሮጌ ምሽግ አለ፣ የመብራት ማማ አለ፣ ድሮ መርከብ ላይ የታመሙ ሰዎች ተለይተው የሚቀመጡበት ግቢ አለ፤ «የደሴተኞች መንደር ሙዚየም» የሚባልም አለ። በጎብኚዎች ጀልባ ካልሆነ ወደዚያ መሻገሪያ የለም። ስለዚህ እማማ የተወለዱበትን ለማየት እንደ ማንኛውም አገር ጎብኚ ቲኬት ተቆረጠላቸው። ልብስ ሰፊዋ ከነጭ ጥጥ ጨርቅ አንዲት ከረጢት ሰፋች። ምን ያህል ላድርጋት ብላ ሳትጠይቅ በግምት ነው የቆረጠችው።

ጀልባው ላይ ሰው ሁሉ አንጀቱ እስኪገለበጥ ሲያስመልስ እማማ እንደ ወንበሩ ጸጥ ብለው ተቀመጡ። «ባሕሩስ አልረሳኝም» አሉ።

አስጎብኚዋ ድምፀ መልካም ወጣት ናት፤ የምትናገረውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። መጀመሪያ ምሽጉን አሳየቻቸው። መድፎቹ ተወልውለው፣ አፋቸውን ወደ ባሕሩ እንደከፈቱ ተደርድረዋል። «ይህ ምሽግ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ተደፍሮ አያውቅም» አለች።

«መድፉንማ አልነኩትም» አሉ እማማ። «ያነሱት ሰዉን ነው።»

ጎብኚዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። አስጎብኚዋም አብራ ሳቀች። በመብራት ማማው ሌላው ሰው ጠመዝማዛውን ደረጃ ሲወጣ እናትና ልጅ ከታች ተቀምጠው ጠበቁ። እማማ ከረጢቷን ከጉያቸው አውጥተው በጣታቸው ስፌቷን ዳሰሱ፤ «ጥሩ አድርገሽ ሰፍተሻታል» ብለው መልሰው ሸጎጧት።

መንደሩ የተቀመጠው በመጨረሻው ደሴት ላይ ነው። ቤቶቹ በአንድ ዓይነት ቀለም ተቀብተዋል፤ በየደጃፉ ጽሑፍ ተለጥፏል። እማማ የልጃቸውን ክንድ ይዘው፣ ማንም ሳይመራቸው፣ ከመንገዱ በስተግራ ታጠፉና አንዱ ቤት በር ላይ ቆሙ። ጽሑፉ «የዓሣ አጥማጅ ቤት» ይላል። ከውስጥ ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ ወዲያ አልጋ፣ የተንጠለጠለ መረብ፣ በርጩማ ላይ የተቀመጠች የፕላስቲክ ሴት።

«ያቺ ማናት?» አሉ እማማ፤ ጥላዋ ብቻ ነው የሚታያቸው።

«አሻንጉሊት ናት፣ እማ። የቤቱን እመቤት አስመስለው ነው የሠሯት።»

«እኔ? እዚህ ቤት እንዲህ እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩበትን ቀን አላስታውስም።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። እዚያ ቤት መወለዷን ታውቃለች፤ ግን ምንም አልተሰማትም፤ የሌላ ሰው ቤት ነው የመሰላት። አስጎብኚዋ ከኋላ ደርሳ ለተከተሏት ሰዎች ማብራራት ጀመረች፦ «ነዋሪዎቹ የተሻለ ኑሮ ፍለጋ በገዛ ፈቃዳቸው ደሴቶቹን ለቀዋል።» ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋ ጋለ። እናቷን ብታይ ግን እማማ አልሰሙም፤ ወይም የሰሙ አይመስሉም። መዳፋቸውን ከግድግዳው ላይ ሳያነሱ፣ እየዳበሱ ወደ ቤቱ ጀርባ እየዞሩ ነው።

ከጀርባ ያለው ሰፊ የሲሚንቶ ሰገነት ነው። አግዳሚ ወንበሮች ተተክለውበታል፤ ጎብኚ ባሕሩን እያየ ብስኩት የሚበላበት፣ ፎቶ የሚነሳበት ቦታ ነው። የእማማ እግር የሰገነቱን ጠርዝ መታ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ሲሚንቶ ነው፣ እማ።»

«አንሺልኛ!» አሉ፤ የሚነሣ ዕቃ የመሰላቸው ይመስል። ከዚያ ገባቸው። ተንበረከኩና በጣታቸው አንጓ ሲሚንቶውን ቀስ ብለው መቱት፤ በር እንደሚያንኳኳ ሰው። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ባልና ሚስት እግራቸውን ሰበሰቡላቸው።

አስጎብኚዋ እየሮጠች መጣች። «እማማ፣ ምን ጠፋብዎት?»

«ልጄ።»

«ውይ፣ አይጨነቁ፣ ደሴቱ ትንሽ ናት፣ የትም አይሄድም። ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሁለት።»

«ምን ለብሷል?»

«ነጭ ሸሚዝ።»

አስጎብኚዋ የእጅ ሬዲዮዋን አውጥታ ልትናገር አፏን ስትከፍት ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻትና ነገሩን በአጭሩ ነገረቻት። ልጅቷ ሬዲዮውን አወረደች። ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ጠፋ። ሲሚንቶውን አየች፣ አሮጊቷን አየች፣ ቀጥሎ በዳገቱ ላይ ወዳለው የሙዚየም አዳራሽ ዞራ ቶሎ ዓይኗን ሰበረች። ያቺ እይታ ከልብስ ሰፊዋ አላመለጠችም።

«የምታውቂው ነገር አለ። ንገሪኝ እህቴ።»

«እኔ ያኔ አልነበርኩም» አለች ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «መንደሩ ውስጥ ለሰገነቶቹ ሲቆፈር የተገኘ ነገር አለ ይባላል። ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ ነው ያለው።»

አዳራሹ ድሮ ትምህርት ቤት ነበር። ከመልህቆቹና ከዛገው የመርከብ ደወል አልፎ፣ በጥጉ በኩል፣ መብራት የበራበት የመስታወት ሳጥን አለ። ሰማያዊ ጨርቅ ላይ የሕፃን አጥንት ተዘርግቷል። ራስ ቅሉ ከጎድን አጥንቶቹ ይልቅ ትልቅ ሆኖ ያሳዝናል። ከሥሩ «በበሽተኞች ማቆያው ዘመን የሞተ ሕፃን፤ ማንነቱ ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል። ከአጥንቱ ጎን ከዛጎል የተሠሩ የሸሚዝ ቁልፎች ተደርድረዋል።

እማማ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ደገፉ። ትንፋሻቸው መስታወቱን አጨለመው።

«ቁልፍ አለ?» አሉ።

«አለ፣ እማ።»

«አባትሽ ነው የቀረጻቸው። አንዱን ሲበሳ ሚስማሩ ስቶበት ነበር። ተናድዶ ሊጥለው ሲል እኔ ነኝ የተከልኩት። ቀዳዳቸውን እዪልኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ቁልፍ ስትተክል የኖረች ናት። አጎነበሰች። ሁሉም ሁለት ሁለት ቀዳዳ አላቸው። ዳር ያለው ሦስት አለው።

«አንዱ ሦስት ነው» አለች።

እማማ አላለቀሱም። «ራቁቱን አስተኝተውታል» አሉ። «በሰው ፊት።»

የሙዚየሙ ኃላፊ ተጠርቶ መጣ። እጅጌው የሳሳ ሹራብ የለበሰ፣ ለሰው ክፉ የማይመስል ጎልማሳ ነው። ቆሞ ሰማቸው፤ ወንበር አምጥቶ እማማን አስቀመጣቸው፤ እሱ መሬቱ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ልጄ፣ ሳጥኑን ክፈትልኝ። አንዴ ልዳብሰው» አሉት።

«እማማ፣ አልችልም። የሚከፈተው ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ሲላክ ነው። አላምንዎትም አላልኩም። ግን ደሴተኛው ሁሉ ቁልፉን ከዛጎል ነበር የሚሠራው። መጋዘን ውስጥ ሙሉ ቆርቆሮ አለኝ፤ ሁለት ቀዳዳም፣ ሦስት ቀዳዳም አለው። ይሄኛው ከየትኛው ቤት ጀርባ እንደወጣ ደግሞ የቆፈሩት ሰዎች አልጻፉትም።»

«ታዲያ እናቱ መጥታ እያለች ማን ይመስክርልህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ኃላፊው ተነሣና መብራቱን አጠፋ። ቢሮው ገብቶ የጠረጴዛ ልብስ ይዞ መጣ፤ ሳጥኑን ሸፈነው። አስጎብኚዋን «ዛሬ አዳራሹ ዝግ ነው በያቸው» አላት። ማድረግ የሚችለው ያንን ብቻ ነበር፤ አደረገው።

የጀልባው ጥሩምባ ተነፋ። ማዕበል እየመጣ ስለሆነ ጀልባው አይጠብቅም። እማማ ግን አልነሣም አሉ። የሳጥኑን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው «እናንተ ሂዱ፤ እኔ አንዴ ትቼው ሄጃለሁ፤ ይበቃኛል» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ለመነቻቸው፤ ተቆጣቻቸው፤ ጥሩምባው ደግሞ ተነፋ። በመጨረሻ የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከሳጥኑ አላቀቀቻቸው። እማማ አልታገሏትም። ጣታቸው በቀላሉ መልቀቁ ነው ልብስ ሰፊዋን ያስለቀሳት። ከረጢቷም ባዶዋን ወደ ቤት ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደጅ ጥናት ነው። ከእማማ አፍ ምራቅ ተወሰደ፤ ከአጥንቱም ተፍቆ ወደ ምርመራ ቤት ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን እየዘጋች ስትመላለስ የሰፈሩ ሰው «ምነው ሙሽሪት፣ ጠፋሽ» እያለ ይቀልድባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ ምን ትበላቸው? በዚህ መሀል የእማማ ዓይን ፈጽሞ ጨለመ። አንድ ጠዋት ተነሥተው «መጋረጃውን ክፈቺው» አሉ፤ መጋረጃው ክፍት ነበር።

መልሱን በስልክ የነገራት ኃላፊው ነው። አጥንቱን ጨውና እርጥበት በልቶታል፤ ልጃቸው ነው ማለትም፣ አይደለም ማለትም አይቻልም። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ዘጋች። «ነው» ልትላቸው አሰበች። አንዲት ውሸት፣ እናቷም በሰላም ያርፋሉ። ነገር ግን እማማ ዓይን ባይኖራቸውም የልጃቸውን ትንፋሽ ያውቃሉ።

«አልታወቀም አሉ አይደል?» አሉ ከተቀመጡበት።

«አዎ፣ እማ።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

«ካርቶን ውስጥ አድርገው መጋዘን አስገብተውታል። ከእይታ ግን ወጥቷል።»

«ካርቶን» አሉ እማማ። ከዚያ «ለሰውዬው ደውይለት። የማንም ልጅ ይሁን፣ ይቀበር በይው» አሉ።

ኃላፊው ቃሉን አላጠፈም። አለቆቹን ለምኖ፣ ተከራክሮ፣ አንዱን አልፎ ሌላውን ደጅ ጠንቶ ፈቃዱን አገኘ። ቀን ተቆረጠ። እናትና ልጅ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ከረጢቷን ይዘው ወደብ ሲደርሱ ባሕሩ ተነሥቶ ጀልባው አልወጣም። ማግስቱን ይሆናል እንዳይባል ቆፋሪዎቹ ደሴቱ ላይ ያሉት ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ኃላፊው ደወለ። «ምን ላድርግ?» አለ።

«ቅበረው» አሉ እማማ። «ስልኩን አትዝጋው ብቻ።»

የወደቡ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ፣ ሻንጣቸው ላይ ባንቀላፉ መንገደኞች መካከል፣ ስልኩን በጆሯቸው ይዘው ተቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ጆሮዋን አስጠጋች። ነፋስ ይሰማል፤ በመሀሉ አካፋ ድንጋይ ሲፍቅ፣ የሰው ሳል፣ ከዚያ አፈር ሲወርድ። አፈሩ መጀመሪያ የሬሳ ሳጥኑ እንጨት ላይ ሲያርፍ ድምፁ ጎላ፤ ቀስ በቀስ ታፈነ።

«እማማ» አለ ኃላፊው ሲያበቃ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ ራሱም ሲቆፍር የነበረ ይመስላል። «ድንጋይ አዘጋጅቻለሁ። የልጅዎን ስም ይንገሩኝና ላስጽፍበት። እዚህ የሚከለክለኝ የለም።»

እማማ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ልብስ ሰፊዋ ስሙን የሚጠሩት መስሏት ጠበቀች።

«ምንም አትጻፍበት» አሉ።

«ለምን እማማ?»

«ልጄ ካልሆነስ? የእኔን ልጅ ስም ከጻፍክበት፣ የወለደችው እናት ፈልጋው ስትመጣ አንብባ ታልፈዋለች።»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ሲያፏጭ ቆየ፤ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ልብስ ሰፊዋ መልሳ ልትደውል ስትል እናቷ እጇን ያዟት።

«ተይው» አሉ። «ሰውዬው ደክሞታል።»