በበረዶ የተዋጠው መንኮራኩር

በሂማላያ ተራሮች ያለችው ማርዩል ራሷን የቻለች የቡድሃ አገር በሆነችበት ዓመት ሸንጎው ለባንዲራ የሚሆን ሥዕል ያለው ያምጣ ብሎ አስለፈፈ። የገዳማቱን ግድግዳ የሚስለው ቶንዱፕ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደከመ፤ የበረዶ አንበሳው፣ ሎተሱ፣ ዕንቁው አንድም አልቀረው። ሚስቱ አየችውና፣ «ይሄ ባንዲራ ነው ወይስ የሠርግ ምንጣፍ?» አለችው።

ተናዶ ወጣ። እግሩ የተሰበረውን የከሰል ምድጃ ይዞ ወደ ቀጥቃጩ ፑንጾግ ሄደ። እዚያ ግድግዳው ላይ በከሰል የተሳለ ነገር አየ፤ ከታች በረዶ፣ ከላይ ባዶ ሰማይ፣ በመሃላቸው የቡድሃ ሕግ መንኮራኩር፣ ግን ግማሹ ብቻ።

«ሌላው ግማሽ የት ሄደ?»

«በረዶው ውስጥ ነዋ፣ አቾሌ!» ፑንጾግ በዕድሜ ይበልጠዋል፤ ግን ቀጥቃጭ ስለሆነ አቾሌ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እያለ የሚጠራው እሱ ነው። «እየሄደ ያለ መንኮራኩር መቼ ሙሉው ይታያል?»

«ለሸንጎው ለምን አትሰጥም?»

«የቀጥቃጭ እጅ የነካውን ማን ይሰቅላል? ይልቅ የምድጃውን እግር ያዝልኝ።»

ቶንዱፕ ቤቱ ገብቶ ያንኑ ሣለ። የማን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር የጀመረው። ሥዕሉ ተመረጠ። የሸንጎው ሰብሳቢ ታርጊያስ፣ «ሌላው ግማሽስ?» ብሎ ሲጠይቀው ግን ከአፉ የወጣው የፑንጾግ ቃል ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ፤ አንገቱ ላይ የክብር ነጭ ሻርፕ አጠለቁለት። የፑንጾግን ስም ሳያነሳ ወጣ።

ባንዲራው በተሰቀለበት ቀን መነኮሳቱ ከፊት፣ ገበሬው ከኋላ፣ ቀጥቃጮቹና ከበሮ መቺዎቹ ከሁሉ በታች አቧራው ላይ ተቀመጡ። ነፋሱ ጨርቁን ሲዘረጋው ሕዝቡ ሰገደ። ፑንጾግ ባንዲራውን አየ፣ ከዚያ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠውን ቶንዱፕን አየ። አልተቆጣም። የሰረቀው እሱ ይመስል ዓይኑን ሰበር አደረገ።

ቶንዱፕ መቀመጥ አቃተው። ሥነ ሥርዓቱ እንዳለቀ ታርጊያስን ለብቻው አገኘው።

«ሥዕሉ የኔ አይደለም። የቀጥቃጩ የፑንጾግ ነው።»

ታርጊያስ በሩን ዞር ብሎ አየ። «ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁም። ሕዝቡ ሲሰግድ አላየህም? የቀጥቃጭ ነው ብትላቸው ነገ ማን ይሰግዳል? ሂድ፣ ሻይህን ጠጣ።»

ቶንዱፕ በቀጥታ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሄደና ሁሉንም ተናገረ። ፑንጾግ መዶሻውን አስቀምጦ፣ «ታዲያ ሰውየው ምን አለ?» ሲል ጠየቀ።

«ሻይህን ጠጣ አለኝ።»

ፑንጾግ ሳቀ። ሚስቱ ያንግዞም፣ «ሻይ እኛም ቤት አለ» ብላ ቅቤ የገባበትን ሻይ በእንጨት ዋንጫ ቀድታ ዘረጋችለት።

ቶንዱፕ በቀጥቃጭ ዋንጫ ጠጥቶ አያውቅም፤ አባቱም አልጠጣም። እጁ አልታዘዝ አለው። አንዴ ተንፍሶ እስኪመልስ ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። ያንግዞም አይታዋለች። ሻዩን ወደ ጀበናው መልሳ ዋንጫውን መሬት አኖረችው።

«ስጪኝ» አለ ፊቱ እየነደደ።

«ተወው አቾሌ» አለ ፑንጾግ፣ ሕፃን እንደሚያባብል። «የለመድነው ነው።»

ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ጎንበስ ብሎ ዋንጫውን አነሳና በሁለት እጁ ለሴትዮዋ ዘረጋ። ትክ ብላ አይታው ቀዳችለት። ቀና ማለት አቅቶት፣ ጉልበቱን እያየ ጠጣ። የፈረስ ጫማ ሊያስመታ የመጣ ገበሬ ዋንጫውን በእጁ አየና ሳይገባ ተመለሰ።

ወሬው አገር አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ በየድግሱ ቶንዱፕን የሚያስቀምጡት ከሁሉ በታች፣ በር አጠገብ ነው፤ ሰው «በቀጥቃጭ ዋንጫ የጠጣው እሱ ነው» እያለ ቢጠቋቆምበትም አንዴም አልተከራከረም። በባንዲራው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ የተቀረጸው የሠዓሊው ስም ግን የሱ እንደሆነ ቀረ። ሦስት ጊዜ ይፋቅልኝ ብሎ አመለከተ፤ ሦስቴም እምቢ አሉት። ገበያ ሲወጣ ባንዲራው በቆመበት አደባባይ አያልፍም፣ በወንዙ በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው።